እህል ሳይቀምስ አይነገረውም

ሐበሻ ሆኖ ቀስ ብሎ መሮጥ ሲያትል ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ቁጥሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ መነሻው ጋ በቆምኩ ቁጥር አንዱ ፈረንጅ ያየኝና በአክብሮት ፈቀቅ ብሎ መንገድ ይለቅልኛል፤ ፊት መቆም ያለብኝ እኔ መስዬው። አምሳ አራት ዓመቴ ነው። ኦበርን ውስጥ መጋዘን ነው የምሠራው። ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ሩጫ የጀመርኩትም ሐኪም በደም ግፊቴ ካስፈራራኝ ወዲህ ነው። ይሄን ሁሉ ለማላውቀው ሰው በብርድ ቆሜ ላስረዳ አልችልም። ስለዚህ ፈገግ እልና ከሁሉም ኋላ ሄጄ እቆማለሁ፤ እነሱ ደግሞ ትሕትና ይመስላቸዋል።

በዚያ የካቲት የሮጥኩት ግማሽ ማራቶን ከታኮማ ወዲያ ባለ የባሕር ዳርቻ የተዘጋጀ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ትንሽ ውድድር ነበር። አስራ ሦስት ማይል ነው፤ ግማሹን በውኃው ዳር ሄዶ፣ ዞሮ፣ በዚያው መንገድ መመለስ። ስድስት ወር ተለማምጄበታለሁ። ስድስት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ለእህቴ ስደውል ስንት ማይል እንደደረስኩ እነግራት ነበር።

እህቴ አዳማ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ፣ እሷ አስራ ስድስት ነበረች። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ስባልግ የገረፈችኝም እሷ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ልጅ ሳለች ወድቃ የተሰበረ ግራ እግሯ በደንብ ሳይጠገን ስለቀረ ትንሽ ይጎተታል። በር ላይ ስትደርስ አንድ ከበድ ያለ፣ አንድ ፈሰስ ያለ ኮቴ ይሰማል፤ ልጅ ሳለሁ ያን ስሰማ ጥፋቴን እደብቅ ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ ለኩላሊት እጥበት ትመላለሳለች።

ርቀቱን በኪሎ ሜትር ስነግራት ትንሽ አሰበችና ከአዳማ ተነስቶ ሞጆ ሊደርስ ምንም አይቀረውም አለች። ነው አልኳት። «ታዲያ እዚያ አገር ሚኒባስ የለም?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ስልኩን ልጇ ተቀበለቻት። ተመልሳ ስትመጣ ድምፅዋ ደክሞ ነበር። መጨረሻ እንዳትወጣ ብቻ አለችኝ። አልወጣም ብዬ ቃል ገባሁላት፤ ስጨርስ በቪዲዮ ደውዬ ሜዳሊያውን ላሳያትም ተስማማን። ውድድሩ ባለበት ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሰውነቷ አልችል ብሎ እጥበቱን ሳትጨርስ እንደመለሷት ልጇ በመልእክት ጻፈችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን ትራስጌ አድርጌ ነበር የምተኛው።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ጫማዬን እያሰርኩ ደወልኩላት። እዚያ አመሻሽ ነው። አልተነሳም። ደገምኩ፤ ተነሳ። ማንም አልተናገረም። ግን ባዶ ቤት አልነበረም፤ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲወጣና ሲገባ ይሰማል። ሦስት ጊዜ ሃሎ አልኩ። አንድ ሰው ስልኩን አፉ ላይ አድርጎ ተነፈሰ። ከዚያ ተዘጋ። ኔትወርክ ነው አልኩ ለራሴ፤ አገር ቤት የሚደውል ሰው ሁሉ የሚለው ይሄንኑ ነው። ባለቤቴ የሌሊት ሥራዋ ላይ ስለነበረች የማማክረው ሰው አልነበረም። ወዲያው ጓደኛዬ ደጅ ላይ ክላክስ አደረገ።

ይሄ ጓደኛዬ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ታኮማ ወደብ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ሲያወራ መኪና መንዳቱን ይረሳል። በዚያ ጠዋት ግን ከሰፈራችን ከማውንት ቤከር ከተነሳን እስከ ታኮማ አፉን አልከፈተም። ጉሙ የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት እንኳ ውጦት ነበር። ሬዲዮውን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ያዘኝ፤ ተወው አለኝ። ከሚስትህ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ ብዬ ብቀልድ አልሳቀም። ነገሩ ደስ አላለኝም፤ ግን በማለዳ የሚሰነፍ ሰው ነው ብዬ ተውኩት።

እዚያ ስንደርስ ቁጥሬን ደረቴ ላይ እሱ ነው ያያያዘልኝ። መርፌ ቁልፉን ሁለቴ አጣሞ ሰክቶ ሁለቴ ነቀለው።

«ሶ፣ ስልኬ ባትሪ ጨረሰብኝ» አለኝ ዓይኑን ሳያነሳ። «ያንተን ልያዝልህ፣ ቤት ኮል ማድረግ አለብኝ።»

ስጨርስ እህቴን በቪዲዮ እንደማናግራት ነገርኩት።

«ኦኬ። ስትጨርስ እሰጥሃለሁ» አለኝ።

ሰጠሁት። ኪሴ ቀለለልኝ ብዬ ደስ ከማለቴ በቀር ምንም አልጠረጠርኩም።

ፊሽካ ተነፋና ሁላችንም ወደ ጉሙ ገባን። አንድ ማይል ሳልሄድ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። ጠጠሩ ላይ የራሴ ኮቴ ይሰማኛል፤ በግራ በኩል ባሕሩ አለ፣ ግን አይታይም፣ ዳርቻውን ሲልስ ብቻ ነው የሚሰማው። ከሩቅ የመርከብ ጡሩምባ ይጮሃል፣ ይቆያል፣ እንደገና ይጮሃል። ብርዱ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለውን ብቸኝነት እወደዋለሁ። በዚያ ቀን ግን አንድ ሰው የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሦስተኛው ማይል ላይ፣ ባሕሩ የተፋው አንድ ትልቅ ግንድ አጠገብ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሟል። ስቀርብ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምንላቸው በሰፈራችን ሱቅ ያላቸው፣ ጤፍና በርበሬ የሚሸጡልን የጉራጌ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን ሳውቅ ቅዳሜ ጠዋት ሱቃቸውን ዘግተው አያውቁም፤ ጉንፋን ይዟቸው እንኳ ባንኮኒው ኋላ ፍራሽ አንጥፈው ጋደም እያሉ ይሸጡ ነበር። ሩጫ ደግሞ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። እጃቸውን አላነሱም፣ አላጨበጨቡም፣ ራሳቸውንም አልነቀነቁም። ዝም ብለው አዩኝ። ጋሼ ብዬ ተጣራሁ፤ ዓይናቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ። አልፌያቸው ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ዞሬ ሳይ ግንዱ ብቻ ነው የቀረው።

ፈራሁ። ልጅ ሳለሁ እህቴ ትነግረኝ የነበረው ትዝ አለኝ፤ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል የሚወዳቸውን እየዞረ ይሰናበታል ትል ነበር። ጋሼ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ስኳርም አለባቸው። በዚያች ሰዓት ሱቃቸው ውስጥ ወድቀው ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ያሳፍረኛል፦ እንዲያ ከሆነ መርዶውን ለልጆቻቸው የምነግረው እኔ ነኝ አልኩ። በእድራችን ውስጥ ይሄ ሥራ የእኔ ነውና።

እንዴት እኔ ላይ እንደወደቀ በትክክል አላስታውስም። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት የአባቱን ሞት አውራ ጎዳና ላይ እየነዳ በስልኩ አንብቦ ከመንገድ ወጣ፤ እግዚአብሔር አተረፈው። ከዚያ በኋላ እንዲህ አይሆንም ብዬ ሥርዓት አበጀሁለት። አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለእኔ ይመጣል። እኔ ሰው አሰባስባለሁ። ያንን ሰው ብቻውን አንተወውም። መኪኖቻችንን ደጁ ላይ ፓርክ አናደርግም፣ ጥግ ዞረን ነው የምናቆመው፤ በመስኮት ሲያይ የሚያውቃቸው አምስት መኪኖች ተደርድረው ካገኘ አለቀ። ሴቶቹ ነጠላቸውን በቦርሳ ይይዛሉ እንጂ አይለብሱም። ከሁሉም በላይ ግን እህል ሳይቀምስ አይነገረውም። በባዶ ሆዱ የሰማ ሰው ይወድቃል፤ ከሰማ በኋላ ደግሞ ለቀናት አይበላም። ሰው ሁሉ ሲሳሳትብኝ የምቆጣው በዚህች በመጨረሻዋ ነው።

ለጋሼ የወንድማቸውን ሞት የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሱቁን አዘግቼ ፍርፍር አቀረብኩላቸው። ሁለት ጊዜ ጎረሱና ሻይ አዘዙኝ። ሻዩ ሳይነካ ሲቀዘቅዝ ሌላ ሻይ አዘዙኝ፤ እሱም ሲቀዘቅዝ ሦስተኛ። ገብቷቸው ነበር። እኔም እንደገባቸው ገብቶኛል፤ ግን ሰው እስኪጨርስ መጠበቅ ነው እንጂ ምን ይደረጋል። አራተኛውን ሳዘጋጅ በቃኝ፣ ንገረኝ አሉኝ።

በዚያ ጠዋት በመኪናው ላመጣኝ ጓደኛዬ የእናቱን መርዶ የነገርኩትም እኔ ነኝ። ሥራ ሲወጣ ወደቡ በር ላይ ጠበቅኩትና መጀመሪያ ስልኩን ተቀበልኩት። የተቀበልኩበት ዘዴ የራሴ ፈጠራ ነው፤ እስከ ዛሬ ማንም ላይ ከሽፎብኝ አያውቅም። ስልኬ ባትሪ ጨረሰብኝ፣ ያንተን ልያዝ፣ ቤት መደወል አለብኝ አልኩት።

እዚህ ላይ እግሬ ቆመ።

አምስተኛው ማይል ላይ ነበርኩ። ትንፋሼ ፊቴ ላይ ጭስ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ብርድ ጀርባዬን ሌላ ላብ አጠመቀኝ። ወንበር ሲጎተት የሰማሁት፣ የተነፈሰው ሰው፣ ሬዲዮውን እንዳልከፍት የያዘኝ እጅ፣ ጋሼ፤ ሁሉም ተራ በተራ ሳይሆን ባንድ ጊዜ መጡብኝ። እህቴ ናት አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ዞረው የሚመለሱት ሯጮች አልፈውኝ ስለነበር የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ መካድ ጀመርኩ። ባትሪ የሁሉም ሰው ስልክ ይጨርሳል። ጋሼ ነፋስ ሊቀበሉ ወጥተው ይሆናል። አዳማ ቤታቸው ቅዳሜ ሁልጊዜ ሰው አለ። እንዲህ እያልኩ ለራሴ እየዋሸሁ መዞሪያው ደረስኩ፤ አንዲት ልጅ ከአንድ ብርቱካናማ የመንገድ ኮን አጠገብ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ቆማ ነበር። ሞቅ ያለ ውኃ ሰጠችኝ። ከኋላዬ ሯጭ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ሯጭ የለም። መጨረሻ ነበርኩ።

ስመለስ መሮጥ አቃተኝ፤ ከድካም ግን አልነበረም። ብሮጥ ቶሎ እደርሳለሁ፤ ብደርስ ያበሉኛል፤ ከበላሁ ይነግሩኛል። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ አሳምሬ ደፍኜዋለሁ። ይህችን አንዷን ግን አልደፈንኳትም። ባልጨርስ ማንም ምንም አይለኝም። ስለዚህ መራመድ ጀመርኩ፣ ቀጥሎም ቀስ ብዬ መራመድ።

ያኔ ነው ኮቴውን የሰማሁት። ከኋላዬ ነው፣ ጠጠሩ ላይ፤ አንድ ከበድ ያለ፣ አንድ ፈሰስ ያለ። ቆምኩ፤ ቆመ። ሄድኩ፤ መጣ። መዞሪያው ላይ ያለችው ልጅ ሯጭ የለም ብላኛለች። ፀጉሬ ቆመ። መዞር አልፈለግኩም፤ ዞሬ ባያት እፈራለሁ፣ ዞሬ ባላያት ደግሞ የባሰ ነው። ትንሽ መንገድ እንዲህ ሆነን አብረን ሄድን። መርከቡ አንዴ ጮኸ። በመጨረሻ አልቻልኩም፣ ፊቴን ሳላዞር ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ አለሽ?»

ኮቴው ቆመ። አንዲት ሴት ድክም ባለ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ኋላህ ነኝ አለችኝ።

ዞርኩ። ሰባ ዓመት የሚሆናት ፈረንጅ ናት፤ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳለች፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፣ አንድ እግሯን ትጎትታለች። ምን እንዳልኳት አልገባትም፣ እንደጠራኋት ግን ገብቷታል። ተበሳጨሁባትም፣ ላቅፋትም ቃጣኝ። መዞሪያው ጋ ከጉሙ ውስጥ ተቀምጣ ስታርፍ እንደነበር ነገረችኝ፤ ሥራዋ ከመጨረሻው ሰው ኋላ መሄድ ነው፣ ማንም ወድቆ እንዳይቀር። እለፊኝ፣ እኔ እቆያለሁ አልኳት። አይፈቀድልኝም አለችኝ። አንተ የፈለግከውን ያህል ብትዘገይ መጨረሻ የምገባው እኔ ነኝ አለችኝና ሳቀች። ከዚያ በኋላ አላወራንም፤ ያ ኮቴ ግን እስከ መጨረሻው ተከተለኝ፣ እኔም ዳግመኛ አልዞርኩም።

ግንዱ ጋ ስደርስ ጋሼ አልነበሩም። እርጥቡ አሸዋ ላይ የጫማቸው ዱካ አለ፣ ብዙ ቆመው እንደነበር ያስታውቃል። በእሳቸው ቦታ ልጄ ቆማለች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋ አጠገብ ከጓደኞቿ ጋር ነው የምትኖረው፣ ባለፈው ሳምንት ነይ ብላት ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ማንም ጤነኛ ሰው አይነሳም ብላኝ ነበር። አንገቷ ድረስ ዚፗን ዘግታለች። ዓይኖቿ አብጠዋል። እንዳታለቅሺ ተብላለች፤ ማን እንዳላት፣ በምን ቃል እንዳላት ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ውኃውን አቀበለችኝ። ጠጣሁ። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ እዚህ አድጋለች፣ መዋሸት አታውቅበትም። እሷን እዚያ ያቆሟት ሰዎች ተሳስተዋል፤ ሁልጊዜ የምላቸው ነገር ነው፣ ልጅ አታቁሙ እላለሁ። አልጠየቅኳትም። ኩባያውን መለስኩላትና ልሄድ ስል እጄን ይዛ አስቀረችኝ።

«ቴክ ዩር ታይም፣ ባባ» አለችኝ።

ሯጭን አይዞህ ይሉታል፣ በርታ ይሉታል፣ ትንሽ ቀረህ ይሉታል። አትቸኩል የሚለው ሰው ግን በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ልቤ ውስጥ ስትታገል የነበረች አንዲት ነገር እዚያ ላይ ዝም አለች። እህቴን በጣም ነበር የምወዳት። አልነገርኳትም፤ በእኛ ቤት እንዲህ አይባልም፣ ማይል ነው የምነግራት።

የቀሩትን ሦስት ማይሎች የሄድኩትን ያህል ቀስ ብዬ ሄጄ አላውቅም። መጨረሻው ጋ ስደርስ ሯጮቹ ሁሉ ተበትነዋል፣ ጠረጴዛዎቹን እያጣጠፉ ነው። ፓርኪንጉ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ የማውቃቸው መኪኖች ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ነው የቆሙት፣ ልክ እንዳስተማርኳቸው። መስመሩ ወዲያ ስምንት ዘጠኝ ሰዎች ጉሙ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁሉም ጥቁር ጃኬት ለብሰዋል፣ ማንም አያጨበጭብም። ጋሼ ዳር ላይ ናቸው። ባለቤቴ መሐል ናት፤ ከሥራ ገብታ መተኛት ነበረባት። ከኮቷ ሥር የነጠላዋ ጥለት ብቅ ብሏል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደብቂው ብዬ እቆጣት ነበር።

በኋላ እንደሰማሁት ከፊሽካው በፊት ተከራክረዋል። ጋሼ ሳይሮጥ ይነገረው ብለው ነበር፤ ባለቤቴ ናት ስድስት ወር የለፋበት ነው፣ ይጨርስ ያለችው። ጋሼን መንገድ ላይ ያቆሟቸው የደም ግፊቴን ፈርተው ነው፤ አየኝ ብለው ደንግጠው ከግንዱ ኋላ ተቀመጡ።

መስመሩ ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ። ና ያለኝ የለም። ከኋላዬ ኮቴው ቆመ። እንዲህ ሆነን ሁላችንም ቆየን፤ እነሱ እንዳወቅኩ አውቀዋል፣ እኔም እንዳወቁ አውቄያለሁ። ከዚያ ተሻገርኩ። ሴትየዋም ምርኩዟን እያስነካች ከኋላዬ ተሻገረች። እትዬ፣ መጨረሻ አልወጣሁም አልኩ በሆዴ።

አንድ ሰው ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ጓደኛዬ ስልኬን አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። አንድ የተላጠ ሙዝ ይዞ ቀረበኝ።

«ትንሽ ነገር ቅመስ» አለኝ።

ተቀበልኩት። ሁሉም አፌን ያያሉ። ቀስ ብዬ ገመጥኩ፣ ቀስ ብዬ አላመጥኩ፤ ሙዝ ደግሞ ብዙ ማላመጥ አይፈልግም። ልጄ በመኪና ደርሳ ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር፤ ፊቷን እናቷ ትከሻ ውስጥ ደበቀች። የመጨረሻዋን ጉርሻ ስውጥ ጓደኛዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሌላ ሙዝ አለ?» አልኩት።

ጋሼ ከካፖርታቸው ኪስ አንድ ሙዝ አወጡ። ብርድ ባደነዘዘው ጣታቸው ቀስ ብለው ላጡልኝ።